የአክስቴ ቤዝ መቺ

ሰኞ

በታላቅ ሐዘን የሚከተለውን መርዶ አስታውቃለሁ። የቡርንስቪል ነዋሪ የሆነው ወጣት ናትናኤል፣ ቤተሰብ ናቲ የሚለው፣ ዛሬ ከሥራ እንደተመለሰ ተስፋው በድንገት አርፏል። ሟች የቤዝ ጊታር ተስፋ ነበር። ገና በለጋነቱ ነው የተቀጨው። ቀብሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚኒያፖሊስ፣ ሰው ቆሞ ሙዚቃ በሚሰማበት አንድ ምድር ቤት ውስጥ ይፈጸማል። ለቀስተኛ ጥቁር ለብሶ ይምጣ። እዚያ ቤት የሚመጡት ለነገሩ ድሮም ሌላ ቀለም አይለብሱም።

እሺ፣ ሐዘኑ በቃ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አክስቴ ሰርካለም ቅዳሜ ልትዘፍን ነው። ቤዝ የምመታው ግን እኔ አይደለሁም።

(ይህን በአማርኛ የምጽፈው እህቴ ሜሪ እዚህ ስለተወለደች ፊደል ስለማትቆጥር ነው። ከኔ በላይ ሰላይ ናት። የኔም አማርኛ የስድስተኛ ክፍል ነው፣ ግን ለመናደድ ይበቃል።)

አክስቴ ማለት እንዲህ ናት። እኔ ሳልወለድ፣ እማዬም ገና አዲስ አበባ እያለች፣ እሷ እዚህ ከተማ «ኮልድ ጋራዥ» የሚባል ባንድ ውስጥ ትዘፍን ነበር። ፖስት ፓንክ ይሉታል። ጎዝም ይሉታል። ጎረቤቷ ጋሽ ተኽለ «የመብረቅ ሙዚቃ» ይሉታል። ያኔ ጥቁር ለብሳ፣ ኩሏን እስከ ጆሮዋ ስባ፣ ፊት ቆማ ስለ መቃብር የምትጮህ ሴት በዚህ አገር ራሱ ብርቅ ነበረች። ሐበሻ ሆና ደግሞ ጭራሽ! ባንዱ ሦስት ሰው ነው። እሷ ድምፅ፣ ፓም የምትባል ሴት ከበሮ፣ ዴል የሚባል ሰውዬ ቤዝ። ጊታር የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ቤዙ ማለት ሁሉ ነገር ነው። ግድግዳው እሱ፣ ጣሪያው እሱ።

አንድ ሸክላ አወጡ። ከዚያ ተበታተኑ። አክስቴ ፍሪድሊ የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ገብታ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በማጉያ መነጽር ሥር ቀጫጭን ሽቦ ስትበይድ ኖረች። ዘንድሮ ደግሞ የሆኑ ሰዎች ያንን ሸክላ እንደገና አሳተሙት፣ የዛሬ ልጆች ሰምተው አበዱ፣ «እስቲ አንድ ቀን ዝፈኚልን» አሏት፣ እሺ አለች።

ታዲያ እኔ ኮሌጁን ትቼ ክፍሌ ውስጥ ተዘግቼ ቤዝ የተማርኩት ለማን መሰለህ፣ ደብተሬ? ከዚያ ሸክላ ላይ ሁሉንም ዘፈን ነቅሼ አውጥቻለሁ። ጣቴ ደምቷል። ዛሬ አፕል ቫሊ ቤቷ ሄጄ፣

«እቴቴ፣ ቅዳሜ ምን ልልበስ?» አልኳት።

«ለምን? ልትመጣ ነው?»

«ቤዝ ልመታልሽ ነዋ!»

ሳቀች። ክፉ ሳቅ አይደለም፣ እሱ ነው ክፋቱ። «ቤዝ የሚመታው ዴል ነው፣ ናቲዬ።»

«ዴልን ጠልተሽው የለ እንዴ?»

«መጥላትና ቤዝ ምን አገናኘው?»

ዴልን የምትጠላው በበቂ ምክንያት ነው። ሸክላው እንደወጣ ለንደን ተጋብዘው ነበር። ትልቅ ነገር። እሷና ፓም ኤርፖርት ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁት አውሮፕላኑ ሄደ። አልመጣም። ስልክም አላነሳም። ቤዝ ከሌለ ባንድ የለም፣ ባንዱ እዚያው ኤርፖርት ሞተ። ከዚያ ቀን ወዲህ አክስቴና ዴል በአንድ ከተማ እየኖሩ አልተነጋገሩም። አሁን ታዲያ እሱ ሆዬ ሰሞኑን በስልክ መልእክት ላከላት፦ «ሃይ ሰርካ»፣ ከሥሩ ደግሞ የአውራ ጣት ምልክት።

«የዚያን ሁሉ ዘመን ቂም በአውራ ጣት?» አለች አክስቴ። ስልኩን ሶፋ ላይ ወረወረችው። «ሂድና ንገረው። እኔን የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል። እንደ ሰው ይመጣል፣ ይለምናል። ካልሆነ ቅዳሜ የለም።»

እኔን ነው የላከችው! ለጅብ ሥጋ አደራ መስጠት ማለት ይህ ነው።

ማክሰኞ

ከሥራ ወጥቼ ቀጥታ ዴል ወደሚኖርበት ወደ ፍሪድሊ ድራይቭ አደረግሁ። መንገዱ ግማሽ በረዶ ግማሽ ጭቃ። መኪናዬ ዳሽቦርዱ ላይ የሚያበራው የብልሽት መብራት በዛ፣ የገና ዛፍ መስሏል።

ዴልን አየሁት። ሽማግሌ ነው! ማለቴ በዕድሜ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያሰረ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ። ይህ ነው ተቀናቃኜ። እኔ ሃያ ዓመቴ ነው፣ ጥርሴ ሁሉ አለ፣ እና በዚህ ሰውዬ ቀንቼ እንቅልፍ አጣሁ።

አክስቴ የላከችኝ መሆኑን ስነግረው በሩን ይዞ ቆመ። «ምን አለች?» አለ፣ እንደ ተማሪ።

ነገርኩት። በኛ ዘንድ የበደለ ሰው ብቻውን አይመጣም አልኩት። የተከበሩ ሽማግሌዎች ይዞ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ «ተቀመጡ» ሲባሉ አይቀመጡም፣ «ጠጡ» ሲባሉ አይጠጡም፣ እሺ እስኪባሉ ድረስ ቆመው ነው የሚለምኑት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ከዚያ ግን ከኋላው ጋራዡ ተከፍቶ ቤዙን አየሁት። ሸክላው ሽፋን ላይ ያለው፣ ጠርዙ የተላጠው ያው ቤዝ። ግድግዳ ላይ አልሰቀለውም፣ ወንበር ላይ አስደግፎታል፣ አሁን ሲመታው እንደነበር ያስታውቃል።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ» አልኩት። «ድንጋይ።»

«ድንጋይ?»

«በጣም የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። የተበደለው ሰው ከጫንቃው ያወርድለታል፣ ታረቁ ማለት ነው።»

ይህም እውነት ነው! አልፈጠርኩትም። እኔ የፈጠርኩት መጠኑን ብቻ ነው። አያቴ እንደነገረችኝ ከሆነ ለምልክት ያህል የምትበቃ ድንጋይ ናት። «ምን ያህል ይሁን?» ሲለኝ ግን እጆቼ ራሳቸው ተዘረጉ።

«እንደ ማይክሮዌቭ» አልኩት።

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። ይናደዳል፣ «ሂድ ከዚህ» ይለኛል፣ እኔም «አልፈልግም አለ» ብዬ እመለሳለሁ፣ ቅዳሜ ቤዙ የኔ ነው። እሱ ግን አሰበ አሰበና፣

«ትልቁን ማይክሮዌቭ ነው ወይስ ትንሹን?» አለኝ።

«መካከለኛ» አልኩት። ምን ልበል?

አማርኛ አስተምረኝም አለኝ። የተሳሳተ ቃል ላስተምረው አሰብኩ፣ ነገር ግን ያንን ቀልድ ማንም ጀማሪ ይቀልደዋል። እኔም ክብር አለኝ። «ይቅር በይኝ» በል አልኩት። መዳፉ ላይ ጻፈው።

ረቡዕ

ከፍሪድሊ ምንም ወሬ የለም። ደስ አለኝ። ማታ ማታ ፊቴን በመስተዋት እያየሁ የቤዝ መቺ ፊት እለማመዳለሁ። የቤዝ መቺ ፊት ማለት ምንም የማይሰማው ሰው ፊት ነው። ከባድ ነው፣ እኔ ሁሉ ነገር ይሰማኛል።

ዴል ለምን እንደማይሆን፦
አርጅቷል።
አውቶቡስ ይነዳል (አውቶቡስ ላይ ምንም የለኝም፣ ግን ይነዳል)።
ኤርፖርት አልመጣም።
አውራ ጣት ላከ።
እኔ አይደለም።

ከሰዓት አክስቴን ቡርንስቪል ገበያ ወሰድኳት። ሽንኩርት እየመረጠች ሳለ ጥቁር የለበሱ ሁለት ልጃገረዶች ከኋላ መጡ። ነጭ ፊት፣ ጥቁር ከንፈር። አንዷ አፏን በእጇ ይዛ «ሰርካ?» አለች። ከዚያ ማልቀስ። የሽንኩርቱ መስሎኝ ነበር። ኩሏን እንዴት እንደምትቀባ ጠየቋት። አክስቴ እዚያው ሽንኩርት ፊት ቆማ አሳየቻቸው፣ ክንዷን አንስታ፣ ከዓይን ጥግ እስከ ጆሮ። ስትነግራቸው እኔም ሰማሁ። እዚህ አገር ገና ልጅ ሆና ስትመጣ በሻንጣዋ የነበረው የእናቷ ኩል ነበር፣ ባንዱ በሚለማመድበት ቀዝቃዛ ጋራዥ ውስጥ እጇ እየተንቀጠቀጠ ስትቀባ መስመሩ አመለጣትና ጆሮዋ ደረሰ። ሰዓት ስለሌላት እንዳለ ተወችውና መድረክ ወጣች። በማግስቱ ምሽት ከፊት የቆሙት ሴቶች ሁሉ እስከ ጆሮ ተኩለው መጡ።

መኪና ውስጥ «ይህን ለኔ ነግረሽኝ አታውቂም» አልኳት።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? አንተ የምትጠይቀኝ የቤዙን ብቻ ነው።»

ልክ ናት። (ጊዜያዊ ነው።)

ቤት ስገባ እማዬም ተቀይማለች። ድሮ «እህትሽ ለሰይጣን ትዘፍናለች» ሲሏት የነበሩት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አሁን ተደዋውለው ቅዳሜ እንዴት እንግባ ይሏታል። «እኔም እኮ ድምፅ ነበረኝ» አለችኝ ሳህን እያጠበች። «ከሷ ይሻላል ይሉኝ ነበር። ግን እኔ ማን ጋራዥ ሰጠኝ?» ቤታችን ውስጥ ያልቀና የለም። ሜሪ ብቻ። እሷም «ዋትኤቨር» (ምን አገባኝ) ትላለች፣ ያ ማለት ቀንታለች።

ሐሙስ

ወይኔ ናቲ።

መጣ።

አክስቴ ጋ ምሳ እየበላን ነው። በመስኮት ሳይ የፓርኪንግ ሎቱን አቋርጦ የሚመጣ ነገር አየሁ። ከፊት ዴል፣ ለቀብር በሚለበስ ኮት፣ ጎብጦ። ጫንቃው ላይ ድንጋይ። ማይክሮዌቭ አይደለም፣ ምድጃ ነው! ከኋላው የሥራ ጓደኞቹ፣ ሁለት ሽማግሌና አንዲት አሮጊት አውቶቡስ ነጂዎች፣ ሁሉም የሚያንጸባርቀውን ቢጫ ሰደርያቸውን እንደለበሱ። ቀጥ ብለው። እንደ ታቦት አጃቢ።

ድንጋዩ አትክልት ቦታው ውስጥ ከመሬት ጋር ተጣብቆ በርዶ ነበር አሉ። ጠዋት በማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ እያፈሰሰ ነው ያላቀቀው። ሊፍት የሌለው ፎቅ ነው። ደረጃውን በእግሩ ወጣ።

አክስቴ በሩን ከፈተች። አሮጊቷ ሹፌር ጉሮሮዋን ጠርጋ በእንግሊዝኛ «ስለዚህ ሰው ልንለምንሽ መጥተናል» አለች። አክስቴ «ተቀመጡ» አለች። አልተቀመጡም። «ሻይ?» አልጠጡም። አንደኛው ሽማግሌ ወደኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ሽንት ቤት መሄድ ይፈቀዳል ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነትም አላውቅም።

«ይቅር በይኝ» አለ ዴል። ፊቱ ቀይ ሥር መስሏል።

ጋሽ ተኽለ ከሥር ፎቅ በመስኮት አይተው ነው መሰለኝ በነጠላ ጫማ ደረጃውን እየሮጡ መጡ። አሥመራ አማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ናቸው፣ በሕይወታቸው ሮጠው አያውቁም። በሩ ላይ ቆመው ድንጋዩን አዩ፣ ዴልን አዩ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከሹፌሮቹ ጎን ሄደው ተሰለፉ።

«ስሚ ጓለይ፣ ስሚ ልጄ» አሏት፣ «እዚህ አገር ከመጣሁ ድንጋይ የተሸከመ ሰው አላየሁም። የኛ ሰው ራሱ ‹ሶሪ› ብሎ ነው የሚያልፈው። በይ አውርጂለት።»

«ይቆይ ጋሽ ተኽለ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይመልስልኝ።» ወደ ዴል ዞረች። «ኤርፖርት ለምን አልመጣህም?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«አውሮፕላኑን» አለ። ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አስተካከለ። «እስከ ዛሬ ተሳፍሬ አላውቅም።»

አክስቴ ጮኸች። «ስለ አጽምና ስለ መቃብር ስንጽፍ የነበርን ሰዎች! ሬሳ ሣጥን ውስጥ ገብተህ ፎቶ ተነስተህ የለም? አውሮፕላን?»

«ሣጥኑ መሬት ላይ ነበር» አለ ዴል።

እኔ በዚህ መሀል ድንጋዩን ነው የማየው። እያዘነበለ ነው። በሆዴ «እቴቴ፣ በእናትሽ፣ ቶሎ» እላለሁ። እሷ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ተቀየረ፣ ከዚያ ሁለት እጇን አንስታ ድንጋዩን ያዘች። ልታወርደው ስትል አልቻለችም። እኔ ሮጬ ያዝኩ። እኔም አልቻልኩም። ምንጣፉ ላይ ወደቀ፣ ቤቱ ተናጋ። ከሥር የጋሽ ተኽለ ጣሪያ ነው፣ ደግነቱ እሳቸው ከላይ ናቸው።

ተቃቀፉ። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። ያኛው ሽማግሌ ሽንት ቤት ሮጠ።

አየኋት እንዴት እንዳየችው። እኔን እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። እኔ ስንት ጊዜ ገበያ ወስጃታለሁ፣ ስንት ጊዜ ቴሌቪዥኗን ሠርቼላታለሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ብመጣስ? እኔ ምን በድያት?

ብቻ ዴል ከተቃቀፉ በኋላም አልቀና አለ። እንደጎበጠ ቀረ። ጎብጦ «ደህና ነኝ» ይላል ለምንጣፉ።

አክስቴ ወጥ ቤት ጠርታኝ በሩን ዘጋች። «መጠኑን ማነው የነገረው?»

«የምን መጠን?»

ጆሮዬን ያዘች። «አንት ከይሲ። አጎትህ የሞተ ዕለት ራሱ ሰውን የምታስቀው አንተ ነበርክ፣ ያን ጊዜም እንዲህ ልጠመዝዝህ ነበር።» ጠመዘዘችው። ግን ከንፈሯን ነክሳ ነው፣ እንዳትስቅ።

አርብ

ዴል ወገቡ ተያዘ። ሐኪም መቆምም ማንገትም ከልክሎታል። ነገ ቤዝ የሚመታው ናትናኤል ነው! አሸንፌያለሁ! ሜሪን በደስታ ልስማት ስል በትራስ መታችኝ።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ለልምምድ ፍሪድሊ ሄድኩ፣ ያው የድሮው የዴል ጋራዥ ውስጥ ነው። ብርዱ ያው ነው አሉ። ፓም ከበሮዋ ጋ ተቀምጣለች፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አድርጋ። አክስቴ ካፖርቷን አላወለቀችም። ዴል ከግድግዳው ወዲያ፣ ሳሎን ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ወገቡ ሥር የበረዶ ከረጢት አድርጓል። የራሱን ቤዝ ግን ለኔ አውሶኛል። አልጠየቅሁትም። አይ ይህ ሰውዬ፣ ለመጥላት እንኳ አይመችም።

መታሁ። አንድ ስህተት የለም። ልክ እንደ ሸክላው። ፓም ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ዘፈን፣ ሦስት ዘፈን። ከዚያ ያ ረጅሙ፣ የመጨረሻው፣ ድምፅዋን ከታች አንስታ ሳታቋርጥ ወደ ላይ የምታወጣው። መሀሉ ላይ አቆመች። እንደገና። እንደገና አቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታለከልካለች።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ትክክል ነው።» ተቀመጠች። «ትክክል ነው፣ ናቲዬ።»

ትክክል የሚባለው ቃል እንደዚያ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እንደ «ነፍስ ይማር» ነው የተባለው።

ሦስተኛ ጊዜ ጀመርን። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ የሆነ ድምፅ መጣ። ዱብ። ዱብ። ዴል ተኝቶ በተረከዙ ግድግዳውን ይመታል። ከኔ ጋር ግን አይገጥምም። ከኔ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ይላል፣ እንደሚያመነታ ሰው። ሰነፍ! ብዬ ልስቅ ስል አክስቴን አየሁ። በኔ ምትና በሱ ምት መሀል ባለችው ክፍተት ነው የምትተነፍሰው። እዚያች ላይ አየር ሳብ፣ ቀጥል። ሳብ፣ ቀጥል። ዘፈኑን እስከ ጫፍ ወጣችው። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነበር።

በኋላ ፓም ነገረችኝ። ዴል ድሮም ይዘገያል። ያኔ ሌሎች ባንዶች «ቤዝ መቺያችሁ ተኝቷል ወይ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ሸክላው ላይ የድምፅ መሐንዲሱ አስተካክሎት ነው። እኔ የተማርኩት የተስተካከለውን ነው። መድረክ ላይ ግን አክስቴ መተንፈስን የተማረችው በሱ መዘግየት ላይ ነው። አሁን ደግሞ ስልሳን አልፋለች፣ ትንፋሽ ያስፈልጋታል።

እንግዲህ ዘግይ አልኩ ለራሴ። ሞከርኩ። ለሥራ እዘገያለሁ፣ ለቤተ ክርስቲያን እዘገያለሁ፣ ለገዛ ልደቴ ዘግይቻለሁ። ሐበሻ ነኝ! እዚያች ላይ ግን መዘግየት አቃተኝ። አንዴ ቀደምኩ፣ አንዴ ወደቅሁ። አክስቴ «ተወው፣ ነገ እንደሆነው ይሆናል» አለችኝ፣ በደግነት። ደግነቷ ነው የገደለኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ሬዲዮ አልከፈትኩም። ቦታው የኔ ነው። በጄ ነው ያለው። ማንም አይወስድብኝም። እሷ ነገ ሰው ፊት ያንን ዘፈን መሀል ላይ ታቆማለች፣ እኔም ትክክል እመታለሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ፍሪድሊ ሄድኩ። ማንም አልላከኝም። እየተራገምኩ ነው የሄድኩት፣ ይመዝገብልኝ።

የዴል ጋራዥ ጥግ አንድ አሮጌ የአውቶቡስ ሹፌር መቀመጫ አለ። ከተጣለ አውቶቡስ ፈትቶ ያመጣው ነው፣ እዚያ ላይ ሆኖ የበረዶ ሆኪ ያያል። ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ድጋፉ የሚስተካከል። «ተቀምጠህ፣ ቤዙን ጭንህ ላይ አድርገህ ብትመታስ?» አልኩት። ሐኪሙ መቆም እንጂ መቀመጥ አልከለከለም። ዴል አየኝ። «ቅዳሜው ያንተ ነበር እኮ» አለኝ።

«ዝም በልና ቀበቶህን እሰር» አልኩት። (ቀበቶ አለው መቀመጫው።)

ለአክስቴ ነግሬ ተጣድፈን ደረስን። መቀመጫው መኪናዬ ኋላ በገመድ ታስሮ፣ ዴል ፊት ወንበር ተንጋሎ፣ ጉድጓድ በገባን ቁጥር እያቃሰተ። ምድር ቤቱ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ከፊት ግን ነጭ መስመር አለ። እማዬን «እንዴት እንግባ» ሲሏት የነበሩት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነጠላቸውን ለብሰው መጥተዋል። በስተግራ ቢጫ ሰደርያዎቹ። ጋሽ ተኽለ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ከተዋል፣ አስቀድመው።

መቀመጫው እግር ስለሌለው የቢራ ሣጥን ላይ አስቀመጥነው። ይወዛወዛል። ዴል ሲቀመጥበት ወደ ኋላ ሊገለበጥ አለ። የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። ዞር ስል ሁሉም እኔን ያያሉ።

ስለዚህ የተከበረው ናትናኤል፣ ቤዝ መቺው፣ መድረክ ላይ ወጣ። ከመቀመጫው ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ በሁለት እጁ ጀርባውን ደግፎ። ከፊት የሚያየኝ የለም። ልጆቹ መጋረጃው ሲከፈት በአውቶቡስ ወንበር ቀበቶ የታሰረውን ሽማግሌ ሲያዩ ጮኹ፣ ትልቅ ትርጉም ያለው ጥበብ መሰላቸው።

አክስቴ ወጣች። ኩሉ እስከ ጆሮ። ጀመረች።

እጄ ወንበሩ ላይ ስለነበር የዴልን እያንዳንዱን ምት በመዳፌ ተቀበልኩ። ፓም ትመታለች፣ ከዚያ ትንሽ ባዶ፣ ከዚያ እሱ። በዚያች ባዶ ውስጥ የአክስቴ ትከሻ ከፍ ይላል። እንዴት እንደሚያስቀና! ሰው በባዶ ቦታ ይቀናል? ቀናሁ። ጥርሴን ነክሼ፣ ጉልበቴ እየተቃጠለ፣ ደግፌ ያዝኩ። ረጅሙ ዘፈን ላይ ሁለተኛውን ስንኝ ረሳችው፣ ዝም ብላ ያንኑ የመጀመሪያውን ደገመችው፣ ማንም አላወቀ። ግን አላቆመችም። እስከ ጫፍ ወጣች፣ ከጫፍም በላይ።

ሲያልቅ ከነጩ መስመር አንዷ እልል አለች። እማዬ ናት! ከዚያ ሁሉም። ጥቁር የለበሱት ልጆች ዞረው እያዩ ለመኮረጅ ሞከሩ፣ የታመመ ዝይ ይመስላሉ። አክስቴ ማይኩን ይዛ ከሳቅ የተነሳ ማመስገን አቃታት።

ከመድረክ ስንወርድ እግሬ ደንዝዞ ወደቅሁ። አክስቴ ከላዬ ቆማ አየችኝ።

«አይዞህ፣ ጀግናው። ድንጋይ የለም እኮ ጫንቃህ ላይ።»

«ሰውዬው ከባድ ነው» አልኳት።

ኩሉ ወርዶ ጉንጯ ላይ ሁለት መስመር ሠርቷል። ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ግንባሬ ጥቁር ሆነ። አላጠብኩትም እስካሁን። ሜሪ ሳቀችብኝ።

እሑድ

ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ ለቀዋል። አየሁት፣ ደጋግሜ። እኔ የለሁበትም። አንዴ ብቻ ክርኔ ይታያል፣ ከወንበሩ ጎን ወጣ ብሎ። አንድ ሰው ከሥሩ «ይህ እጅ የማን ነው?» ብሎ ጽፏል። ልመልስለት ነበር፣ ተውኩት።

እማዬ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እየዘፈነች ነው የገባችው። ድምፅ አላት፣ እውነቷን ነው። ለሷ ግን አልነግራትም፣ ሁለት ዘፋኝ ለዚህ ቤት ይበዛል።

አክስቴ ከሰዓት ደወለች። ዱሉት የሚባል ከተማ ያሉ ሰዎች በጋ ላይ ኑልን ብለዋቸዋል። መንገዱ የመኪና ነው፣ ዴል አይፈራም። ማን እንደሚመታ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ይህ ትልቅ ነገር ነው ለኔ፣ ምላሴን በጣቴ ይዤ ነው። ወሬ ቀይራ ማክሰኞ ሐኪም ቤት እንድወስዳት ጠየቀችኝ፣ እሺ አልኩ፣ ዘጋች።

እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ የጻፍኩትን መለስ ብዬ አነበብኩት። መርዶ፣ ቀብር፣ ሟች ተስፋ። ማን ሞተ? አንዲት ጡረተኛ አሮጊት ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ምድር ቤት ውስጥ ጥቂት ዘፈን ዘፈነች፣ አንድ ሰውዬ ወገቡን ታመመ፣ ሰው አጨበጨበና እራቱን ሊበላ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ነው በቃ። ይህን ያህል ወረቀት የሚያስጨርስ ነገር አልነበረም።

ትንሽ ግን አሁንም ይቆረቁረኛል። ትንሽ ነው።